አንድ በር፣ ብዙ መንገድ፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብና ስለ ፍትሕ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች አንድ ጥያቄ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ጥያቄው ለካህናትም፣ ለካቴኪስቶችም፣ ለመምህራንም ይቀርባል፤ መልኩም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ «የእኔ ልጅ ይህን ያህል አመጣ፤ የጎረቤቴ ልጅ ከእርሱ ያነሰ አምጥታ ተጠራች፤ እርሱ ግን ቀረ። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ጠያቂው ጎረቤቱን የሚጠላ ሰው አይደለም። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ፣ በመርሳ ከተማ ጠባብ ክፍል ተከራይቶለት በየሳምንቱ ስንቅ ሲያመላልስ የኖረ አባት ነው። «መንግሥት ያውቃል» ብለን ብናሰናብተው መልስ አልሰጠነውም፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን ብናሰናብተውም እንዲሁ። ጥያቄው ስለ ፍትሕ የቀረበ እውነተኛ ጥያቄ ስለ ሆነ እንደ ጥያቄነቱ ሊመረመር ይገባዋል።

አስቀድመን አሠራሩን እንመልከት፤ ከቅሬታው ገሚሱ የሚወለደው ሥርዓቱን አጣርቶ ካለማወቅ ነውና። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1942 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲመሠረት የተቀበላቸው ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሕዝቡ «ማትሪክ» ብሎ የሚጠራው ፈተና ዋና አገልግሎቱ ያለችውን ጥቂት ቦታ ለብዙ ፈላጊ ማከፋፈል ነበር። የመግቢያውም ነጥብ ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ ይል ነበር፤ ነጥቡን የሚወስነው የተማሪው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የአልጋውና የወንበሩ ቁጥር ጭምር ነበርና። የወሎ ልጅ በደሴ በወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት ተምሮ ጥሩ ውጤት ቢያመጣም እንኳ የዚያ ዓመት ቦታ ከሞላ ይቀር ነበር። በዚያ ዘመን ለአንዱ የተሰጠ ቦታ በእርግጥም ለሌላው የተነፈገ ቦታ ነበር። የዛሬው አባት ቅሬታም አነጋገሩን የወረሰው ከዚያ ዘመን ይመስለናል።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሯል፤ በመርሳም የግብርና ካምፓስ አለው። ይሁን እንጂ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ወደ መንደሩ ቢቀርብም መግቢያው አልቀረበም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ፈተና ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ለፈተናው ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመት ያለፉት 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበሩ።

በመሆኑም ዛሬ በሩ ላይ የተሰመረው መስመር የቦታ ብዛት የሚያዛውረው አይደለም። 50 ከመቶ ያመጣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የከተማም ሆነ የገጠር ልጅ ይገባል፤ አንዱ በመግባቱም ሌላው አይቀርም። እርግጥ ነው፤ ከገቡ በኋላ በየትኛው ዩኒቨርሲቲና በየትኛው የትምህርት ክፍል ይመደባሉ የሚለው አሁንም ውድድር አለበት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ በዚያ በኩል ሁለተኛ በር ቆሟል። ዋናው በር ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ታዲያ ጎረቤቲቱ ባነሰ ነጥብ ተጠራች የሚባለው ከወዴት መጣ? ከበሩ ሳይሆን ከደጀ ሰላሙ ነው። ከ50 በታች ካመጡት መካከል እስከ 100,000 የሚደርሱ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ለወራት የሚቆይ የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ «ሬሜዲያል» የሚባለውን፣ እንዲከታተሉ በ2015 ዓ.ም. ተወሰነ። ትምህርቱን ጨርሰው የሚሰጠውን ፈተና ያለፉት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይሆናሉ፤ ያላለፉት ይመለሳሉ። ለዚህ ትምህርት ለመጠራት የወጣው የመቁረጫ ነጥብ ነው እንግዲህ ለሴቶች፣ ታዳጊ ከተባሉት ክልሎችና ከአርብቶ አደር አካባቢዎች ለሚመጡ፣ ማየትና መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ዝቅ ያለው። ለእነዚህ ወገኖች የተሰጠው በሩን በአቋራጭ ማለፍ ሳይሆን ጥቂት ተጨማሪ ጊዜ ነው። ከወራት በኋላ የሚቀመጡለት ፈተናም ሆነ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የሚወስደው የመውጫ ፈተና ለሁሉም ያው ነው።

ሆኖም እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። በደጀ ሰላሙ ያለው ቦታ የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ለአንዷ ሲሰፋ ለሌላው ይጠባል። የአባትየው ጥያቄ እዚህ ላይ ኃይል ያገኛል፤ «በበሩ ላይ ማንም አልተነፈገም» ብለን ልንዘጋውም አንችልም።

ስለዚህ ነገር ከጥንት መምህራን አንዱን ብንጠይቅ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ አስገራሚ ሆኖ የቀረበ ምሳሌ ይሰጠናል። ፊት አይቶ ማድላት ምን እንደ ሆነ ሲያብራራ ስለ መምህርነት ማዕረግ ያነሣል። አንድን ሰው በቂ ዕውቀት ስላለው ለማዕረጉ ብንመርጠው የተመለከትነው ለነገሩ ተገቢ የሆነውን ምክንያት ነው፤ ዕውቀቱን ትተን ጴጥሮስ ወይም ማርቲን ስለ ሆነ ብንመርጠው ግን ፊት አይተን አድልተናል ይላል። እንግዲህ በእርሱ አስተሳሰብ በሰዎች መካከል ልዩነት ማድረግ ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ ኃጢአቱ ለጉዳዩ በማይገባ ምክንያት መለየት ነው። የእኛም ጥያቄ በዚህ ይጠራል፦ ሴት መሆን፣ ዓይነ ስውር መሆን ወይም ከሩቅ ቀበሌ መምጣት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ተገቢ ምክንያት ነውን?

በራሱ አይደለም። ሴትነት ዕውቀት አይደለም፤ ድህነትም እንዲሁ። ነገር ግን ነጥቡ ምን እንደሚነግረን እንመርምር። ሁለት ሰዎች ከጊራና ወገን እኩል አምሳ ኪሎ ማሽላ ይዘው መርሳ ገበያ ደረሱ እንበል፤ አንዱ በመኪና ጭኖ፣ ሌላው በትከሻው ተሸክሞ። ማሽላ ለሚገዛው ነጋዴ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ዋጋ መለያየቱ ግፍ ይሆናል። ተሸካሚ ለሚቀጥር ሰው ግን ሁለቱ በፍጹም እኩል አይደሉም፤ አምሳ ኪሎው ስለ አንደኛው ጉልበት ምንም አይነግረውም፤ ስለ ሁለተኛው ግን ብዙ ይነግረዋል። ዩኒቨርሲቲ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመስለው የትኛውን ነው? ያለፈውን ዕውቀት ገዝቶ የሚያከማች ነጋዴ ቢሆን ነጥቡን ብቻ አይቶ ይፈርድ ነበር። እርሱ ግን ለሚመጡት አራትና አምስት ዓመታት የሚሸከመውን ሰው የሚመርጥ ነው። ስለዚህ ነጥቡ በምን መንገድ እንደ ተገኘ ማወቅ ነጥቡን በትክክል ማንበብ ነው።

የሀብሩ ገጠር ልጃገረድ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፤ ወንድሟ በዚያ ሰዓት መጽሐፍ ሊገልጥ ይችላል። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ከከተማ ብቻዋን ቤት ተከራይታ እንድትኖር ወላጆቿ ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። «ለጋብቻ ደረሰች» የሚለውም ወሬ አለ። ይህን ሁሉ አልፋ ያመጣችው 40 ይህ ሁሉ ያልደረሰበት ተማሪ ካመጣው 40 ጋር በወረቀት ላይ አንድ ነው፤ በትርጉም ግን አንድ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 3 ሴቶች ከቆየው የበታችነትና የልዩነት ታሪክ አንጻር ተጨማሪ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ሲደነግግ መነሻው ይኸው ነው። ካቴኪስቶቻችን ስለ መክሊቱ ምሳሌ ሲያስተምሩ ይህን ያውቁታል፤ አምስት ተቀብሎ አምስት ያተረፈውና ሁለት ተቀብሎ ሁለት ያተረፈው ያመጡት ልክ አንድ ሳይሆን ያገኙት ምስጋና አንድ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የልጅቷን መጠራት ደግፈናል። አሁን ወደ ልጁ እንመለስ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርሱ ነውና። እርሱም ከዚያው ቀበሌ ነው። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ተምሯል፤ በእረፍት ቀን ከብት ጠብቋል፤ በመኸር ወቅት አጭዷል፤ የፊዚክስ መምህር ሳይመደብለት መንፈቅ ያለፈበት ትምህርት ቤት ልጅ ሊሆን ይችላል። ይሁንና በዝርዝሩ ላይ ስሙ የሚገባው «ወንድ» በሚለው መደብ ነው። ክልሉ ከታዳጊዎቹ አንዱ ተብሎ ስለማይቆጠር፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ካለው የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ከወጣ ወጣት ጋር በአንድ መቁረጫ ይለካል። የአዲስ አበባዋ ባለጠጋ ልጅ ደግሞ ሴት በመሆኗ ብቻ ከእርሱ ባነሰ ነጥብ ልትጠራ ትችላለች። ይህ ለእኛ ትክክል አይመስለንም። መደቡ በጅምላ የተሠፋ ልብስ ነው፤ ለአንዳንዱ ይሰፋል፣ ለአንዳንዱ ይጠባል።

እንግዲህ የአባትየው አቤቱታ እውነት ነው እንላለን፤ የተጻፈበት አድራሻ ግን ስሕተት ነው። ልጁን የበደለችው የጎረቤቱ ልጅ አይደለችም፤ የተሰጣትም የእርሱን ድርሻ አይደለም። በደሉ ለእርሷ የታየላት ነገር ለእርሱም ሳይታይለት መቅረቱ ነው። የእርሷን ቢነጥቁ የእርሱ አይሞላም፤ ቦታው የሚሄደው ምናልባት ሁለቱንም ለማያውቅ ለሦስተኛ ሰው ነው። መፍትሔውም የትምህርት ቤቱ ሁኔታ ራሱ እንዲቆጠር መጠየቅ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በስም ይታወቃሉ፤ ከእነዚህ መካከል የተሻለ ያመጣው ልጅ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ የማካካሻውን ዕድል ቢያገኝ ማንም ፊት አይቶ አደላ ሊባል አይችልም።

በሌላው ዓለምም ይህ ጥያቄ አልተዘጋም። ሕንድ ለዘመናት በተናቁ የማኅበረሰብ ክፍሎች ለሚወለዱ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ ለይታ ታስቀምጣለች፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ዘርን ለመግቢያ ምክንያት ማድረግን ከልክሏል። ሁለቱም አገሮች ስለ እኩልነት ብለው ነው ያደረጉት።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን የመቁረጫ ነጥብ ጉዳይ አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በጦርነቱ ውስጥ ነበሩ። ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ንብረቱን አጣ፤ ቤተሰብ ልጁን ይዞ ተሰደደ። በዚያው ጊዜ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ፈተናው ሲሰጥ የአካባቢያችን ተማሪዎች አልተቀመጡም፤ ሁለተኛ ዙር ፈተና ተዘጋጅቶላቸው በጥር 2014 ዓ.ም. ተፈተኑ። ጎረቤቶቻችን የትግራይ ተማሪዎች ደግሞ ዓመታት ባክኖባቸው ፈተናውን ያገኙት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ግጭት ከተነሣ ወዲህም የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘግቷል።

እነዚህን ልጆች በተመለከተ ሁለት ፈተናዎች በእኛ ሕሊና ላይ ይመጣሉ። አንደኛው የርኅራኄ መልክ ያለው ሐሰት ነው፤ «መከራ አይተዋልና ይለፉ» ማለት። ወላጅም፣ መምህርም፣ አንዳንድ ጊዜ እኛም ይህን አስበነዋል። ነገር ግን ያልተማረውን ልጅ ተምሯል ብሎ ማሳለፍ ሸክሙን ከትከሻው ማውረድ ሳይሆን ሸክሙን በጨለማ ማሸከም ነው፤ መውጫ ፈተናው ላይ ሲደርስ አራት ዓመት ዕድሜው አብሮ ይወድቃል። ኩረጃንም «ለደሃ ልጅ መርዳት» ብለው የሚጠሩ አሉ፤ የሚጎዳው ግን ሳይኮርጅ የተቀመጠው ሌላው የደሃ ልጅ ነው። ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ «መስመሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ ያልደረሰ ይቅር» ብሎ እጅን መታጠብ። ዓመት የተወሰደበት ልጅ የሚገባው ካሣ ነጥብ ሳይሆን ዓመት ነው። የማካካሻው ትምህርት በአሳቡ መልካም የሆነው ስለዚህ ነው፤ ጉድለቱም ያው ነው፤ በዐሥራ ሁለት ዓመት ያልተሰጠ በጥቂት ወራት አይሞላምና።

ደግሞም እናስተውል። የማለፊያው መቶኛ ከ3.3 ወደ 8.4 ሲያድግ የተፈታኞቹ ቁጥር ከ896,520 ወደ 585,882 ገደማ ወርዷል። ያለፉት በቁጥርም ስለ በዙ ደስ ይለናል፤ ለተፈታኞቹ መቀነስም ምክንያቱ ብዙ ነው። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ያልተቀመጠ ልጅ በየትኛውም መቶኛ ውስጥ የለም። አልወደቀም፤ አላለፈም፤ አልተቆጠረም። ስለ መግቢያ ፍትሕ ስንከራከር በነጥብ የተበላለጡትን ሁለት ጎረቤታሞች እናያለን፤ ሦስተኛው ጎረቤት እርሻ ላይ ነው፣ ወይም ወደ ዓረብ አገር መንገድ ጀምሯል።

ስለ ቃላችንም አንድ ነገር እንበል። በመንደራችን ውጤት ያልመጣለት ልጅ «የወደቀ» ይባላል፤ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነውን ትውልድ በአንድ ቃል ወደቀ ማለት ቃሉን ራሱን ትርጉም ያሳጣዋል። በመርሳ የግብርና ኮሌጅ ሙያ የተማረ፣ በወልድያ ጋራዥ ሞተር የሚፈታ፣ የአባቱን መሬት በመስኖ የሚያለማ ወጣት ያመለጠው አንድ በር ነው። ይህን ስንል ግን ለደሃው ልጅ «ዩኒቨርሲቲ ለአንተ አይደለም» የማለት ያህል እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ፤ ይህን ምክር ለራሳቸው ልጅ የማይሰጡ ሰዎች ለሰው ልጅ ሲሰጡት ሰምተናልና።

ካቴኪስቶቻችን በየቁምስናው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ትንሽ ቢመስልም አለ። ከትምህርተ ክርስቶስ ሰዓት በኋላ አዳራሹን መብራት አብርቶ ለጥናት መተው ይቻላል፤ እዚያ የሚያጠኑት ልጆች የየትኛውም ሃይማኖት ቢሆኑ። የአንዲትን ልጃገረድ ወላጆች ሄዶ ማነጋገር ይቻላል፤ ከታመነ ቤተሰብ ዘንድ ማረፊያ ከተገኘላት ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችን በክረምት ሲመለሱ ለሁለት ወር ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዲያስጠኑ መጠየቅ ይቻላል። ያልተፈተኑትንም በስም መዝግቦ መያዝ ይገባል፤ ነጥብ ያልሞላላቸው በግል ተፈታኝነት ዳግም ሊቀመጡ የሚችሉበት መንገድ አለና። ስለዚህ የሀብሩ ሰው የሚጠይቀው መርሳ ባለው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ የወልድያ ነዋሪም በከተማው ጽሕፈት ቤት። ምዝገባው የሚካሄደው ከፈተናው ወራት ቀደም ብሎ ስለ ሆነ ጥያቄው ውጤት እስኪነገር ድረስ ባይቆይ ይመረጣል።